የደሴው ፍላሽ ቤት እና የዊቺታው ነፍሰ ገዳይ ትረካ፦ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ከደሴ ወልዲያ ዶልፊን እነዳለሁ። ሙዚቃ ብቻ ስከፍት ግማሹ ተሳፋሪ ይተኛል፣ ግማሹ ደግሞ "ሹፌር፣ ቀንሰው" ይላል። ትረካ ስከፍት ግን ከሐይቅ እስከ መርሳ ኮሽ የሚል የለም። ስለዚህ ፍላሼ ላይ ትረካ አይጠፋም። የማስጭነው ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ነው። ስሟን አልጽፍም፣ ልጁ ራሱ "ሰው ሲበዛ ግብርም ይበዛል፣ ተወኝ" ብሎኛል።

ቤቷ ውስጥ ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የስልክ ከቨር፣ በቃ ይኸው ነው። ደንበኛ ሲመጣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ግን አሠራሩ ደስ ይላል። የትረካው ዝርዝር በፕላስቲክ በተለበጠ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ቁጥሩን ትነግረዋለህ፣ እሱ ይጭንልሃል። መንዙማውና መዝሙሩ ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው፣ ቀጥሎ የፍቅር፣ ቀጥሎ የታሪክ፣ መጨረሻ ላይ "ወንጀል" የሚል ፎልደር አለ። አንድ ትረካ 20 ብር፣ 8 ጊጋ ሙሉ ካስጫንክ 100 ብር። ለደሴ ውድ አይደለም። (ትረካዎቹን የሠሯቸው ሰዎች ከዚህ ብር ምን ያገኛሉ ብትሉኝ ምንም አያገኙም። እሱን ሁላችንም እናውቃለን።)

ዛሬ የምጽፈው "ወንጀል" ውስጥ ስላገኘሁት ስለ ዴኒስ ሬደር ትረካ ነው። ስምንት ክፍል ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ወልዲያ ደርሰህም አያልቅም። ተሳፋሪ ከመናኸሪያ ከወጣን በኋላ "መጨረሻውን ንገረን እንጂ" እያለ የያዘኝ በዚህ ትረካ ነው። ታሪኩ ያን ያህል ይይዛል። አተራረኩ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ አናድዶኛል፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን ላላወቃችሁት። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ የሚባል ግዛት አለ፣ ትልቁ ከተማው ዊቺታ ይባላል። ሬደር እ.ኤ.አ. በ1945 ካንሳስ ውስጥ ተወለደ፣ ያደገው ዊቺታ ነው። አየር ኃይል ውስጥ አገለገለ፣ በ1971 አገባ፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ወለደ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ የልጆች ስካውት የሚመራ ሰው ነበር። ከ1974 እስከ 1991 ድረስ 10 ሰው ገደለ። የተያዘው በ2005 ነው። ከመጀመሪያው ግድያ እስከ መያዣው ከ30 ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያው ቅሬታዬ። ተራኪው ዓመተ ምህረቱን ሲጠራ "እ.ኤ.አ." አይልም። "በ1974 ጥር ወር" ይላል፣ ያልፋል። አንድ አባት ከኋላ ወንበር "በደርግ ጊዜ ነዋ!" አሉ። አይደለም! በኛ 1966 ነው፣ ጥር 7። እዚህ ወሎ ድርቁ ሕዝቡን የጨረሰበት ዘመን፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ወር ሲቀረው። ይህን ብትነግረው ወሎዬ ወዲያው ዘመኑን ይይዘዋል፣ ጊዜውን ከራሱ ቤት ታሪክ ጋር ያገናኘዋል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያሳስት ትረካ ግን አድማጩን ሌላ ዘመን ውስጥ ይጥለዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በየክፍሉ ይደጋገማል።

በዚያ ቀን የኦቴሮ ቤተሰብን ቤት ገብቶ አራት ሰው ገደለ። አባትና እናት፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ11 ዓመት ሴት ልጅ። ሦስቱ ታላላቅ ልጆች ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ሲመለሱ ነው ያገኟቸው። ተራኪው እዚህ ላይ እያንዳንዱን ነገር ይዘረዝረዋል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ጩኸት የሚያሰማ ድምፅ ያስገባል። አስቡት፣ መኪናው ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት አለች። ክፍል ሁለትን ዘልዬ ሦስት ላይ ነው የከፈትኩት፣ ከዚያም ወዲህ ክፍል ሁለትን ለተሳፋሪ ከፍቼ አላውቅም። መግቢያው ላይ "ለሕፃናት አይሆንም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይጎዳቸው ነበር? ፍላሽ ቤቱም ዝርዝሩ ላይ አንድ ምልክት ቢያደርግ ጥሩ ነው። ነግሬዋለሁ፣ "አብሽር ጋሼ፣ አደርገዋለሁ" ብሎኛል፣ እስካሁን አላደረገም።

ክፍል ሦስትና አራት ግን አሪፍ ናቸው። የሰውየው የቀን ኑሮ ነው። ከ1974 እስከ 1988 የሠራበት ድርጅት ምን የሚሠራ ይመስላችኋል? ለየቤቱ የሌባ ማንቂያ ደወል የሚገጥም ድርጅት! ከተማው እሱን ፈርቶ በሩን ይቆልፋል፣ ደወል ያስገጥማል፣ እሱ ደግሞ እዚያው ድርጅት ውስጥ ደመወዝ ይበላል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፍትሕ አስተዳደር ተምሮ በ1979 ተመርቋል። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ከዊቺታ አጠገብ ባለች ፓርክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀጠረ። ሥራው በኛ አገር አነጋገር ደንብ አስከባሪ ነው። የባዘነ ውሻ ይይዛል፣ ደንብ የጣሰ ግቢ ይቀጣል፣ የጎረቤት ሣር ረዝሟል ብሎ ይከሳል።

"ደንብ አስከባሪ" ሲባል መኪናው በሳቅ ፈነዳ። አንድ ልብስ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ "እኔ ድሮም ጠርጥሬያቸው ነበር!" አለ። ረዳቴ ሳቁ አላቆም ብሎት ሒሳብ መሰብሰብ አቃተው። ተራኪው ያንን ቃል ስለመረጠ ብቻ አንድ ኮከብ ጨምሬለታለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ተራኪው ሬደርን ደጋግሞ "ሊቁ ገዳይ" ይለዋል። "ፖሊስን ለ30 ዓመት ያጃጃለ አእምሮ" ይላል። እንዴ! ያንተው ትረካ ውስጥ ያለውን ነገር አንተው ስማው እንጂ። በ1974 ሚያዝያ አካባቢ አንዲት ወጣት ሲገድል ወንድሟ ቤት ውስጥ ነበር፣ በጥይት መትቶት ልጁ ግን አምልጦ ተረፈ። ሊቅ ቢሆን ምስክር ያስተርፋል? በ1977 አንዲት ሴት ገድሎ ራሱ ከመንገድ ስልክ ደውሎ ለፖሊስ ተናገረ፣ ድምፁ ተቀዳ። በ1985 የገደላት ሴት የገዛ ሠፈሩ፣ የገዛ መንገዱ ነዋሪ ነበረች። ያልተያዘው ዕድሜውን በሙሉ ማንም የማይጠረጥረው ተራ ሰው ስለሆነ፣ ዘመኑም የዲኤንኤ ምርመራ የሌለበት ስለሆነ ነው። ፖሊስ የዘር ፈሳሽ ናሙና አስቀምጦ ነበር፣ የሚያመሳስለው ሰው ግን አልነበረውም።

ሰውየው ደግሞ ስም ይወዳል። ገና በ1974 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የምህንድስና መጽሐፍ መሃል ደብዳቤ ደብቆ፣ ለራሱ የቅጽል ስም አውጥቶ፣ "ቢቲኬ በሉኝ" ያለ ሰው ነው። ቢቲኬ በእንግሊዝኛ "እሰር፣ አሰቃይ፣ ግደል" የሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ገዳይ ሆኖ ስም ማውጣት! እንግዲህ ዛሬ በአማርኛ አንድ ሰው ማይክ ይዞ "ሊቁ ቢቲኬ" ሲለው ሬደር እዚያ ካንሳስ እስር ቤት ሆኖ ቢሰማ ደስ ነው የሚለው። የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ይልቅ ሰፋ ተደርጎ መነገር የነበረበትን ታሪክ ተራኪው በግማሽ ደቂቃ ያልፈዋል። በ1986 አንዲት እናት ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ፖሊስ ባሏን ጠረጠረ። ማስረጃ ስላልነበረ አልከሰሱትም፣ ነፃ ነህም አላሉትም። ሰውየው ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ "ራሱ ነው የገደላት" የሚል ሐሜት ተሸክሞ 18 ዓመት ገደማ ኖረ። ነፃ የወጣው በ2004 ገዳዩ ራሱ ለጋዜጣ በላከው ደብዳቤ ነው፣ ውስጡ የሟቿ ፎቶና የመንጃ ፈቃዷ ኮፒ ነበረበት። ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ ከባዱ ይህ ነው። በኛ አገር ቢሆን የሟች ወንድሞች ዝም ይሉታል? ደም መላሽ ይነሳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ስንት ነገር ይመጣል። አንድ ሙሉ ክፍል የሚወጣው ጉዳይ ነው። ተራኪው ግን "ቀጥሎ ደግሞ..." ብሎ ሄደ።

ከ1991 በኋላ ዝም ብሎ ነበር። በ2004 የዊቺታ ጋዜጣ የመጀመሪያውን ግድያ 30ኛ ዓመት አስታውሶ ጻፈ። በቃ፣ ሰውየው መቀመጥ አቃተው። ደብዳቤ፣ ጥቅል፣ አሻንጉሊት፣ በየቦታው እየጣለ ፖሊስና ጋዜጠኛ መላክ ጀመረ።

ክፍል ስድስት ላይ ስንደርስ ፍላሹ ቆመ። ወላሂ፣ ልክ ሊያዝ ሲል! ፋይሉ ተቆርጧል። ተሳፋሪው "አንተ ሆን ብለህ ነው" አለኝ። ደሴ ስመለስ ቀጥታ ልጁ ጋ ሄድኩ፣ ሳይከራከር በነፃ እንደገና ጫነልኝ፣ የሾርትከት ቫይረስም አጽድቶ ሰጠኝ። ቫይረሱ ከማን ኮምፒውተር እንደመጣ አላጣራነውም፣ እሱ ከእኔ ቴፕ ነው ይላል፣ እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። የጥገናው ትህትና ግን አሥር ከአሥር ነው።

እና ክፍል ስድስት ይኸውላችሁ። በ2005 መጀመሪያ ሬደር ባዶ የሲሪያል ካርቶን ውስጥ ለፖሊስ ጥያቄ ጽፎ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ግቢ በቆመ ፒካፕ ላይ ጣለ። የመኪናው ባለቤት ቆሻሻ መስሎት ጣለው፣ ኋላ ገዳዩ ራሱ "መልእክቴ ደረሰ ወይ?" ብሎ ስለጠየቀ ከቆሻሻ ውስጥ ተፈልጎ ተገኘ። ጥያቄው ምን ነበር? ጽሑፌን በፍሎፒ (በድሮው የኮምፒውተር ዲስክ) ብልክላችሁ ልታገኙኝ ትችላላችሁ ወይ? እውነቱን ንገሩኝ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ መልሱልኝ። ፖሊስም "ሬክስ" ለሚባል ሰው የተጻፈ አስመስሎ ችግር የለም የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ሬደርም አመነ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት እዚህ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው "ፖሊስን ትይዘኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ጠየቀ።" "አይ ሊቅ! ጅል ነው እንጂ ልጄ፣ ሊቅ ሊቅ እያለ ምን ያደነቁረናል ይሄ ሰውዬ?" አሉ። ተራኪውን ማለታቸው ነው። ከዚህ በላይ ግምገማ አልጽፍም ነበር፣ ግን ፍሎፒው ውስጥ የተገኘው ነገር በአግባቡ ስላልተተረከ ልቀጥል።

ፍሎፒው የካቲት ወር ላይ ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደረሰ። ተራኪው "ፖሊስ በረቀቀ ቴክኖሎጂ ምስጢሩን ፈታ" ይላል። የረቀቀ ነገር የለም! ዲስኩ ላይ ሬደር ያጠፋው አንድ የዎርድ ፋይል ነበር። ያጠፋው መስሎታል፣ አልጠፋም። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ዎርድ ራሱ የሚመዘግበው መረጃ አለ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ "ክራይስት ሉተራን ቸርች"፣ እና መጨረሻ ያስተካከለው ሰው ስም፣ "ዴኒስ"። ፖሊስ ኢንተርኔት ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ፈለገ፣ የጉባኤው ሊቀ መንበር ማን ይባላል? ዴኒስ ሬደር። ከ30 ዓመት ፍለጋ በኋላ ይኸው ነው።

ይህን ለፍላሽ ቤቱ ልጅ ስነግረው ዓይኑ በራ። "ጋሼ፣ ቁጭ በል ላሳይህ" አለኝ። ፋይል ስታጠፋ ኮምፒውተሩ የሚያነሳው ስሙን ከማውጫው ላይ ነው፣ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ቁጭ ይላል፣ የሱቅ ታፔላ አውርዶ ዕቃውን ውስጥ እንደመተው ማለት ነው አለኝ። አሮጌ ፍላሼን ሰካ፣ አንድ ፕሮግራም ከፈተ፣ ትንሽ ቆይቶ ከረጅም ጊዜ በፊት ያጠፋሁት የዋርሳዬ ሠርግ ፎቶ ተደርድሮ መጣ። ዳንሱም ጭምር። ከዚያ ራሱ በዚያ ኮምፒውተር የጻፈውን ማመልከቻ ከፍቶ፣ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዝርዝር የሚለውን ነካ። ጸሐፊ በሚለው ቦታ ላይ የማናውቀው ሰው ስም አለ። ለካ ኮምፒውተሩን አሮጌ ነው የገዛው፣ የድሮው ባለቤት ስም አልተቀየረም። እና የሠፈሩ ሰው ለቀበሌ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሥራ ውድድር እያለ እዚያ ያስጻፈው ፋይል ሁሉ በዚያ ሰው ስም ነው የወጣው። ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው ቀየረው።

ስለዚህ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ልትሸጡ ከሆነ ይህንን ልጅ አነጋግሩት። ፈጣኑ ፎርማት በቂ አይደለም ይላችኋል፣ ሙሉውን በሌላ ነገር ደርቦ ያጸዳዋል፣ 50 ብር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከትረካው ይልቅ ያተረፍኩት ይህንን ነው ብል አልዋሽም።

ወደ መያዣው። ፖሊስ በሬደር ቤት በኩል ሲያልፍ ጥቁር ጂፕ ቼሮኪ ቆሞ አየ፣ ካርቶኑ የተጣለ ቀን የመደብሩ ካሜራ የቀዳው ዓይነት መኪና። ግን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሴት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለሕክምና የሰጠችው ናሙና ነበር፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ዲኤንኤው ተመረመረ፣ ከግድያው ቦታ ከተገኘው ጋር የአባትና የልጅ ዝምድና አሳየ። ልጅቷ ምንም አታውቅም ነበር። የካቲት 18 ቀን 1997 በኛ፣ ምርጫ 97 ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ሬደር ለምሳ ወደ ቤቱ ሲነዳ መንገድ ላይ ተያዘ። ስልሳ ዓመቱን ሊደፍን ቀናት ቀርተውት ነበር።

ምርመራ ላይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የምርመራ ቡድኑን የሚመራውን ኬን ላንድዌርን ለምን ዋሸኸኝ ብሎ ጠየቀው። ተቀይሞ! መርማሪውም ልይዝህ ስለፈለግኩ ነው አለው። ትረካው ውስጥ ይህ አለ፣ ተራኪውም አሳምሮ ነው የሠራው፣ ሙዚቃውን አጥፍቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሙሉውን እንዲህ ቢሠራው ምን ነበረበት።

ሰኔ ወር ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ አሥሩንም ግድያ ድምፁ ሳይለወጥ ተናገረ፣ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ነሐሴ ላይ 10 የዕድሜ ልክ እስራት አንዱ ካንዱ ተከታትሎ እንዲፈጸም ተፈረደበት፣ ቢያንስ 175 ዓመት። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ሊገዙ የወረዱት ሁሉ ሲመለሱ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ለምን አልተሰቀለም? ትረካው አይመልስም። መልሱ ቀላል ነው። ካንሳስ የሞት ቅጣትን መልሳ ያጸደቀችው በ1994 ነው፣ የመጨረሻ ግድያው ደግሞ በ1991። ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይቀጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ "ሚስቱስ?" ነው። እሱንም ተራኪው ዘሎታል። እንደማታውቅ ነው የተነገረው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፍርድ ቤት የተለመደውን የመጠበቂያ ጊዜ ሳያስጠብቅ ፍቺዋን አጸደቀላት። እማማ ይህን ስነግራቸው "34 ዓመት አንድ አልጋ!" ብለው እስከ ወልዲያ አልተናገሩም።

ነጥብ ከፈለጋችሁ፦ ለትረካው ከአምስት ሦስት። ማስታወቂያው በዝቷል፣ በየሃያ ደቂቃው "ቻናላችንን ተቀላቀሉ" ይላል፣ መንዳት ላይ ሆነህ ማሳለፍ አትችልም። ለፍላሽ ቤቱ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለቫይረሱ ነው።

ዓርብ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ለጁምዓ ይዘጋል። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ የሚሸጠው ውድ ነው። ጠዋት ሳይሰለፍባችሁ ከሄዳችሁ ራሱ እያስደመጠ ያስመርጣችኋል፣ እና ክፍል ስድስት መጨረሻውን እዚያው አስከፍታችሁ ሳታዩ ብር አትክፈሉ።